የሂስፓኒክ ልጆች በትምህርት ወደ ኋላ የሚቀሩት በቤተሰብ ነው ወይስ በትምህርት ቤቱ?

ረዳት አስተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ቴክሳስ ውስጥ ሚድል ስኩል ረዳት አስተማሪ ነኝ፣ ከተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ሂስፓኒክ ናቸው፣ ወላጆቻቸው ከሜክሲኮ ከሆንዱራስ ከኤልሳልቫዶር የመጡ፣ ልጆቹ ራሳቸው ግን ብዙዎቹ እዚሁ የተወለዱ። ሁለት ነገር ከንክኖኛል፣ በሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ ብዬ ነው። አንደኛው፣ እንግሊዝኛውን የሚያንበለብል ልጅ ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት) ገብቶ ሰባተኛ ክፍል ድረስ እዛው ነው፣ ለምንድነው የማይወጣው? ሁለተኛው፣ የኛ ሰዎች ሲያወሩ «እነሱ እኮ ለትምህርት ግድ የላቸውም፣ ልጁ 18 ሲሞላው ስራ ነው የሚልኩት» ይላሉ። እኔ የማያቸው እናቶች ግን ሌሊት ፅዳት ሲሰሩ አድረው ጠዋት ለወላጅ ስብሰባ የሚመጡ ናቸው፣ ብቻ የሚያስተረጉምላቸው ያው ልጁ ስለሆነ ግማሹ ሳይገባቸው ይመለሳሉ። እውነት ችግሩ ቤተሰብ ነው?

የቋንቋ መምህር፦
እህቴ የመጀመሪያውን ልመልስልሽ፣ በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ። ልጅ ሲመዘገብ ወላጅ የሚሞላው የቤት ቋንቋ ፎርም አለ፣ እዛ ላይ ስፓኒሽ ከተባለ ልጁ ይፈተናል፣ ካላለፈ ኢኤስኤል ወይ ባይሊንግዋል (በሁለት ቋንቋ የሚያስተምረው) ይገባል። እስከዚህ ጥሩ ነው፣ እንደውም የተገኘው በትግል ነው፣ ሳንፍራንሲስኮ ያሉ የቻይና ተወላጆች ከስሰው በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማይገባውን ቋንቋ ለሚሰማ ልጅ ያንኑ መፅሐፍና ያንኑ አስተማሪ መስጠት እኩልነት አይደለም ብሎ ፈረደላቸው (ላው እና ኒኮልስ የሚባለው ክስ ነው)። ችግሩ መውጫው ላይ ነው። ቴክሳስ ውስጥ በየአመቱ ቴልፓስ የሚባል የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይፈተናሉ፣ መስማት መናገር ማንበብ መፃፍ፣ ከዛ የስታር (ሁሉም ተማሪ የሚወስደው የስቴቱ ፈተና) የንባብ ውጤትና የመምህር ግምገማ ይታያል። ልጁ መናገሩን ድሮ ጨርሶታል፣ የሚጥለው ማንበብና መፃፉ ነው፣ እሱን ደግሞ በደንብ የሚያስተምረው ካላገኘ በየአመቱ እዛው ይቀራል። ከስድስት አመት በላይ የቆዩ ልጆች የራሳቸው መጠሪያ እስኪወጣላቸው ድረስ በዝተዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ኢኤስኤሉ የሚወስድባቸው ሰአት ነው፣ ሙዚቃው ይቀራል፣ ሮቦቲክሱ ይቀራል፣ አንዳንዴ ከፍ ያለውም የሂሳብ ክፍል በፕሮግራም ግጭት ይቀራል፣ ስምንተኛ ክፍል አልጀብራ ያልወሰደ ልጅ ደግሞ ሃይስኩል ሲጨርስ ካልኩለስ ጋ መድረስ በጣም ይከብደዋል፣ ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ልጅ መንገዱ የጠበበበት 12 አመቱ ላይ ነው ማለት ነው፣ ማንም ሳይነግረው።

እና ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ይቅር በይ፣ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው መብቱ ነው፣ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ ላይ የቆመ ግዴታ ነው። ስለ ራሱ ውጤት የሚያስተረጉም ልጅ ምን እንደሚል መገመት አያቅትሽም።

የሳንአንቶኒዮው፦
ሁለተኛውን እኔ ልውሰድ፣ ሳንአንቶኒዮ ስለምኖር ነገሩ ሰፈሬ ነው። «ግድ የላቸውም» የሚል ሰው የኤጅውድን (እዚሁ ከተማ ያለ የትምህርት ዲስትሪክት ነው) ታሪክ ይስማ። በ1968 የኤጅውድ ሃይስኩል ተማሪዎች ህንፃው ፈራርሷል በቂ መምህር የለንም ብለው ክፍል ጥለው ወጡ፣ ወላጆቻቸው ተደራጅተው ከሰሱ፣ በስሙ ክሱ የሚታወቀው ዲሜትሪዮ ሮድሪጌዝ ተራ ሰራተኛ ነበር። ቁጥሮቹን እዩልኝ። ትምህርት ቤት የሚተዳደረው ባብዛኛው በሰፈሩ ፕሮፐርቲ ታክስ (የቤትና የመሬት ግብር) ስለነበር፣ 90 በመቶ ገደማ ሜክሲኮ አሜሪካዊ የሆነው ኤጅውድ ለአንድ ተማሪ 356 ዶላር ሲያወጣ እዛው ከተማ ያለው የሀብታሞቹ አላሞ ሃይትስ 594 ዶላር ያወጣ ነበር፣ ያውም የኤጅውድ ሰዎች የሚከፍሉት የታክስ ፐርሰንት ከአላሞ ሃይትስ ይበልጥ ነበር! ቤታቸው ርካሽ ስለሆነ ብቻ የበለጠ ከፍለው ያነሰ አገኙ። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ፈረደባቸው፣ ትምህርት በፌዴራሉ ህገ መንግስት መሰረታዊ መብት አይደለም ተባለ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሌላ ክስ ላይ አሰራሩ የቴክሳስን ህገ መንግስት ይጥሳል ያለው በ1989 ነው፣ 16 አመት በኋላ፣ በ68 ክፍል ጥለው የወጡት ልጆች የራሳቸውን ልጆች ሃይስኩል አድርሰዋል።

ካሊፎርኒያም እንደዛው ነው። ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ የሜክሲኮ ልጆች ለብቻ ትምህርት ቤት ነበራቸው፣ የሜንዴዝ ቤተሰብ ልጆች አትገቡም ተብለው አብረዋቸው የሄዱት ቀላ ያሉት ያክስታቸው ልጆች ተቀባይነት አገኙ። አባትየው ሌሎች አራት ቤተሰቦች ይዞ ከሰሰ፣ በ1946 አሸነፉ፣ በ1947 ይግባኙም ፀና፣ ጥቁር ልጆችን በትምህርት ቤት ከነጮች መለየትን የከለከለው የብራውን ውሳኔ ከመምጣቱ 7 አመት በፊት ማለት ነው። ለልጁ ትምህርት ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም ህዝብ ግድ የለውም አይባልም።

ብሩኬ፦
ሁሉንም አነበብኩት፣ ግን እስያውያንም እኮ ተገፍተዋል፣ እኛም ቋንቋ ሳንችል ነው የመጣነው፣ ልጆቻችን ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ቤተሰብ ምንም ድርሻ የለውም ማለት ልክ ነው? ለመከራከር ሳይሆን እውነት ማወቅ ስለፈለግኩ ነው።

የኮሌጅ አማካሪ፦
ብሩኬ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ቤተሰብ ድርሻ አለው፣ ግን እንዴት እንደመጣን አስብ። ዲቪ ለመሙላት ራሱ ሃይስኩል መጨረስ ወይ ስልጠና የሚጠይቅ ሙያ ላይ የሁለት አመት ልምድ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ገና ሳንነሳ ተመርጠናል። ከገጠር ጓቲማላ በእግሩ ድንበር ያቋረጠ ገበሬ ግን ራሱ ስድስተኛ ክፍል አልደረሰ ይሆናል፣ ልጁ ሃይስኩል ሲጨርስ ከአባቱ በስንት እጥፍ እንደራቀ ማንም አይቆጥርለትም። ደግሞ «እስያዊ» የሚለው ውስጥ ሞንግ (ከላኦስ አካባቢ የመጡ) እና ካምቦዲያዊ አለ፣ የነሱ ውጤት ከህንድና ከቻይና ልጆች በጣም ይለያል። «ሂስፓኒክ» ውስጥም ከቬኔዝዌላ የመጡት ዲግሪ በመያዝ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ናቸው፣ የሆንዱራስና የጓቲማላ ደግሞ በጣም ዝቅ ይላል። ባህል ብቻ ቢሆን ይሄ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ?

ሌላው ሰው የማያውቀው ለውጡን ነው። በ1990 ከ16 እስከ 24 አመት ካሉት ሂስፓኒኮች 32 በመቶ የሚሆኑት ሃይስኩል ያልጨረሱና ትምህርት ላይም የሌሉ ነበሩ፣ በ2021 ወደ 8 በመቶ ወርዷል። በ2022 በአራት አመት ሃይስኩል የጨረሱት 83 በመቶ ናቸው፣ ነጮች 90፣ ጥቁሮች 81፣ የአሜሪካ ነባር ህዝቦች ልጆች 74 (የነሱን ማንም አያነሳውም፣ እኔ ግን ያሳዝነኛል)። ስለዚህ አሁን ገመዱ የሚበጠሰው ኮሌጅ ላይ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚጀምሩት ቅርብና ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ቀን እየሰሩ ማታ ይማራሉ፣ ትራንስፈር ሲያደርጉ ዩኒቨርሲቲው ግማሹን ኮርስ አልቀበልም ይላል፣ የከፈሉበትን ኮርስ ድጋሚ ይወስዳሉ፣ እዛ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጡት። ወላጅ ወረቀት ከሌለው ደግሞ ልጁ ዜጋ ሆኖ የፌዴራል እርዳታ መብቱ ሆኖ ሳለ ፋፍሳ (የእርዳታው ማመልከቻ ፎርም) መሙላት ይፈራል፣ የእናቴን አድራሻ ለመንግስት ልሰጥ ነው ብሎ፣ ፍርሃቱን ደግሞ እኔ ከንቱ ነው ልለው አልችልም። ቴክሳስ በ2001 ወረቀት የሌላቸው እዚህ ያደጉ ልጆች ኮሌጅ ሲገቡ እንደ ስቴቱ ነዋሪ ቀነስ ያለውን ክፍያ እንዲከፍሉ በመፍቀድ የመጀመሪያዋ ስቴት ነበረች፣ በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት ተሻረ፣ ሊመረቁ አንድ አመት የቀራቸው ልጆች ክፍያቸው በአንዴ ሲያሻቅብ አይቻለሁ።

ብሩኬ፦
የዲቪውን እንደዛ አስቤው አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

ረዳት አስተማሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ እኔ ረዳት ነኝ፣ ስልጣን የለኝም፣ ከዚህ ሁሉ የቱን ነው እኔ ልነካው የምችለው?

የቋንቋ መምህር፦
ብዙ አለሽ። ልጅ ከኢኤስኤል ይውጣ አይውጣ የሚወስነው ኤልፓክ የሚባለው ኮሚቴ ነው፣ በህጉ ወላጅ አባል አለበት፣ ስብሰባው መቼ እንደሆነ ለናቶቹ ንገሪያቸው፣ የልጃቸውን አራቱንም የቴልፓስ ውጤት ለየብቻ እንዲጠይቁ። ማንበብ ነው የጣለው ወይስ መፃፍ የሚለው ከታወቀ የሚሰራበት ነገር ይኖራል። ሂሳቡን ደግሞ፣ በ2023 የወጣ የቴክሳስ ህግ አምስተኛ ክፍል ላይ በሂሳብ ከላይኛው 40 በመቶ የሆነ ልጅ ስድስተኛ ሲገባ ያለ ማመልከቻ ከፍ ያለው ሂሳብ ውስጥ ይመደብ ይላል፣ ሊያስወጣው የሚችለው ወላጁ ብቻ ነው። ኢኤስኤል ያሉት ልጆችም ይመለከታቸዋል። የስድስተኛ ክፍሎቻችሁን ዝርዝር ካውንስለሯን ጠይቂና ማን እንደቀረ እዪ።

ረዳት አስተማሪ፦
ይሄን ህግ ማንም ነግሮን አያውቅም። ቢያንስ ሁለት ልጆች ወዲያው በሀሳቤ መጥተዋል፣ ሰኞ ካውንስለሯ ጋ እገባለሁ፣ ያለችኝን እዚሁ እፅፋለሁ።