ጆን ዌይልስ፦ የጄፈርሰን አማት ቤተሰቡና ዕዳው እንዴት ይነበባል?

መዝገብ አገላባጭ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የቶማስ ጄፈርሰንን አማት፣ የቨርጂኒያውን ጠበቃና የትምባሆ እርሻ ባለቤት ጆን ዌይልስን (1715–1773፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የዘር ሐረግ እየሠራሁ ሁለት ነገር አልገጣጠም ብሎኛል። አንደኛ፣ ከየትኛዋ እናት የትኛው ልጅ እንደተወለደ። ሁለተኛ፣ ጄፈርሰን በሕይወት ታሪኩ ማስታወሻ ላይ በሚስቱ በኩል የደረሰው ድርሻ ዕዳው ከተነሣለት በኋላ ከአባቱ ካገኘው ውርስ ጋር የሚተካከል እንደነበር ጽፏል። ታዲያ የዌይልስ ዕዳ እስከ 1790ዎቹ ድረስ ለምን ተከተለው? የሟች ዕዳ እንዴት አማቹን በግሉ ሊይዝ ይችላል?

የዘር ሐረግ፦
ከሚስቶቹ ይጀምሩ። ዌይልስ በእንግሊዝ አገር ላንካስተር ተወልዶ ወደ ቨርጂኒያ የመጣ ሰው ነው፤ ሦስት ጊዜ አግብቶ ሦስቱንም ቀብሯል።

የመጀመሪያዋ ማርታ ኤፕስ ናት፤ በ1746 ተጋቡ። በ1748 ማርታን (የኋላዋን የጄፈርሰንን ሚስት) በወለደች በቀናት ውስጥ ሞተች። ሁለተኛዋ ከኮክ ቤተሰብ የሆነች ሴት ስትሆን ኤሊዛቤት፣ ታቢታና አን የእርሷ ልጆች ናቸው። ሦስተኛዋን፣ ባሏ የሞተባትን ኤሊዛቤት ሎማክስ ስኬልተንን፣ በ1760 አገባ፤ በ1761 እርሷም አረፈች። ትንሿ ማርታ እንግዲህ አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላት እናቷንና ሁለት እንጀራ እናቶቿን አጥታለች።

አሁን ብዙ የዘር ሐረግ የሚዘልለው ክፍል። ማርታ ኤፕስ ስትዳር በጋብቻ ውሉ መሠረት በባርነት የተያዙ ሰዎች አብረዋት መጡ። ከእነርሱ አንዷ በ1735 ገደማ የተወለደችው ቤቲ ሄሚንግስ ነበረች። ሦስተኛዋ ሚስት ከሞተች በኋላ ቤቲ ከዌይልስ ስድስት ልጆች ወለደች፦ ሮበርት (1762)፣ ጄምስ (1765)፣ ቴኒያ (1767)፣ ክሪታ (1769)፣ ፒተር (1770)፣ ሳሊ (1773)። ስለዚህ ሳሊ ሄሚንግስ ለጄፈርሰን ሚስት የአባቷ ልጅ ናት። የ1662ቱ የቨርጂኒያ ሕግ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል ስለሚል ግን ስድስቱም ከአባታቸው የወረሱት አንዳች ነገር የለም። ራሳቸው ውርስ ሆነው ተቆጠሩ።

ለአባትነቱ ዋናው ማስረጃ የሳሊ ልጅ ማዲሰን ሄሚንግስ በ1873 ለአንድ የኦሃዮ ጋዜጣ የሰጠው ቃል ነው። በሞንቲሴሎ (የጄፈርሰን እርሻ) በባርነት የኖረው አይዛክ ጄፈርሰንም በ1840ዎቹ ሰው እንዲህ ይል እንደነበር ተናግሯል። የ1998ቱን የዲኤንኤ ምርመራ እዚህ አያስገቡት፤ እርሱ የጄፈርሰንን ወገንና የሳሊን ልጅ የኢስተን ሄሚንግስን ዘር የሚመለከት ነው፣ ዌይልስን አይነካም።

የውርስ ሕግ፦
ዕዳውን ለመረዳት መጀመሪያ ሥራውን መረዳት ይጠይቃል። ዌይልስ በብሪስቶል የነበረው የፋሬል እና ጆንስ ነጋዴ ቤት ወኪል ነበር። የቨርጂኒያ ገበሬ ትምባሆውን እያንዳንዱ ወደ 1,000 ፓውንድ (450 ኪሎ ገደማ) በሚይዝ ትልቅ በርሜል አሽጎ ለነጋዴው ይልካል፤ ነጋዴው ሸጦ የመርከብ ኪራዩን፣ ቀረጡንና የራሱን ኮሚሽን ይቀንሳል፣ በተረፈው ደግሞ የታዘዘለትን ዕቃ ገዝቶ ይልካል። ዕቃው ከትምባሆው ዋጋ ሲበልጥ ልዩነቱ ወለድ እየታሰበበት ዕዳ ይሆናል። ያንን ዕዳ የሚሰበስበው እንግዲህ ዌይልስ ነበር። በ1766 ለነጋዴ ቤቱ በጻፈው ደብዳቤ ድሮ 1,000 ፓውንድ መበደር መወጫ የሌለው ዕዳ ይመስል እንደነበር፣ አሁን ግን ሰው የዚያን አሥር እጥፍ ደንታ ሳይሰጠው እንደሚያወራ ይገልጻል። በ1740 ከመኝታ ክፍል ትንሽ ምንጣፍ በቀር የቱርክ ምንጣፍ አይቶ እንደማያውቅና አሁን በየቤቱ ሞልቶ እንዳለም ያነሣል። የሌላውን ዕዳ እንዲህ አጥርቶ ያየ ሰው የራሱን ትቶ መሞቱ ነው የሚያሳዝነው።

በ1772 ፕሪንስ ኦቭ ዌልስ የተባለች መርከብ ወደ 280 አፍሪካውያን ጭና መጣች፤ ሽያጩን ዌይልስና ሪቻርድ ራንዶልፍ ተረከቡ። ሰዎቹ የተሸጡት በዱቤ ነበር። ገዢዎቹ በጊዜው ሳይከፍሉ ዌይልስ በሜይ 1773 ሞተ፣ የዚህም ሽያጭ ጣጣ በውርሱ ላይ ዞረ።

ወደ ጥያቄዎ እንግባ። ዌይልስ በኑዛዜው ተጨማሪ ላይ ለፋሬል እና ጆንስ ያለበት ዕዳ እስኪያልቅ ድረስ ሀብቱ ሳይከፈል እንዲቆይና የእርሻው ትምባሆ ለእነርሱ እንዲላክ አዝዞ ነበር። ይህ ቢጠበቅ ኖሮ ዕዳው ከሟቹ ሀብት ላይ ብቻ ይጠየቅ ነበር። ኑዛዜ አስፈጻሚዎቹ አማቾች ጄፈርሰን፣ ፍራንሲስ ኤፕስና ሄንሪ ስኪፕዊዝ ግን በጃንዋሪ 1774 ሀብቱን ተካፈሉ፣ ዕዳውንም አብረው ተከፋፈሉት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ በገዛ ንብረቱ ተጠያቂ ሆነ። ያገባች ሴት ንብረት በሕጉ ወደ ባሏ ስለሚያልፍ የማርታ ድርሻ በጄፈርሰን እጅ ገባ፦ ወደ 11,000 ኤከር መሬትና በባርነት የተያዙ 135 ሰዎች።

ጄፈርሰን ለዕዳው ሲል 4,200 ፓውንድ የሚያወጣ መሬት ወዲያው ሸጠ። ችግሩ የሸጠው በዱቤ መሆኑ ነው። ገዢዎቹ የከፈሉት በአሜሪካ አብዮት ጦርነት ጊዜ፣ የወረቀት ገንዘቡ ዋጋ ካጣ በኋላ ነበር፤ እርሱ ራሱ ከዛፍ ቅጠል እንደማይሻል ጽፏል። ጦርነቱን የቋጨው የ1783ቱ የፓሪስ ውል ደግሞ የብሪታንያ አበዳሪዎች ገንዘባቸውን በሙሉ ዋጋ በስተርሊንግ እንዲያገኙ ፈቀደ። ስለዚህ ያንኑ ዕዳ ሁለተኛ መክፈል ግድ ሆነ። በ1790 ከነጋዴ ቤቱ ወኪል ጋር ተስማምቶ ከ1791 ጀምሮ በየዓመቱ በሚከፈሉ ሰባት የዕዳ ሰነዶች ፈረመ። የሕይወት ታሪኩ ማስታወሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው ይህንን ሁሉ ነው።

መዝገብ አገላባጭ፦
እናመሰግናለን። 135ቱን ሰዎች በስም ማግኘት ይቻላል? ዌይልስ የኖረበት የቻርልስ ሲቲ ካውንቲ መዝገብ ላይ ክፍተቱ ብዙ ነው።

የዘር ሐረግ፦
የዚያ ካውንቲ ፍርድ ቤት ሰነድ አብዛኛው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጠፍቷል፤ እዚያ ብዙ ጊዜ አያጥፉ። ወደ ጄፈርሰን የእርሻ መዝገብ ይሂዱ። በጃንዋሪ 1774 የሠራው ዝርዝር 187 ሰዎችን ይዟል፤ 135ቱ ከዌይልስ የመጡ ናቸው፣ ስማቸውና የነበሩበት እርሻ አብሮ ተጽፏል።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ስም ነው፦ ማርታ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ናት፤ ኤሊዛቤት ደግሞ ሚስት፣ ልጅና ቤቲ ሄሚንግስ። ሁልጊዜ የትውልድ ዓመት አብረው ይጻፉ። ሁለተኛው ቦታ ነው፦ ዌይልስ የኖረበትና ማርታ በጃንዋሪ 1, 1772 የተዳረችበት ፎረስት የተባለው እርሻ ቻርልስ ሲቲ ውስጥ ነው፤ ፖፕላር ፎረስት ግን በቤድፎርድ ካውንቲ ያለ፣ በውርሱ የደረሰ ሌላ እርሻ ነው። ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፦ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 በድሮው (በጁሊያን) አቆጣጠር ስለሚቆጥሩ የ11 ቀን ልዩነት አለ፣ አዲሱ ዓመትም የሚብተው በማርች 25 ነበር። ማርታ ኦክቶበር 19 ወይም 30, 1748 ተወለደች የሚሉት ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ሥዕሉን ሲሠሩ የሄሚንግስን ልጆች በተለየ ገጽ አያስቀምጡ፤ ከዌይልስ በቀጥታ መስመር ያውርዱላቸው። ያለዚያ የ1787ቱ ጉዞ አይገባም። የጄፈርሰን ልጅ ፖሊ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያደገችው ኤፒንግተን በተባለው እርሻ፣ አክስቷ ኤሊዛቤት ኤፕስ ዘንድ ነበር። በስምንት ዓመቷ ወደ ፓሪስ ስትሄድ በሞግዚትነት ተከትላት የሄደችው የ14 ዓመቷ ሳሊ ናት፤ እርሷም ለፖሊ አክስቷ ናት።