ተከራይቼ ለእንግዳ የማከራየው ቤት ተቆልፎብኛል፣ እንግዶች ማታ ይገባሉ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፈጣን መልስ እፈልጋለሁ። ባህር ዳር ቀበሌ 14 አንድ ቤት በወር ተከራይቼ፣ አልጋና ዕቃ አስገብቼ ለአጭር ጊዜ እንግዳ አከራያለሁ። ዛሬ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ስትሄድ በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ አገኘች። የቤቱ ባለቤት እትዬ ስልክ አያነሱም። በማታው በረራ 5 ሰው ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ቀብድ ተቀብያለሁ። ጓጉንቸሩን አስቆርጬ ብገባ ችግር አለው?

ባለ ባጃጁ፦
የለውም። ጣቢያ ታድራለህ፣ መኝታው ነፃ ነው።

ሕግ አዋቂ፦
ወንድሜ፣ ስለ መብትህ ላስረዳህ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት ነው፣ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። አከራይ እንደፈለገ ተነስቶ አያስወጣም። እንዲህ ሲቆለፍብህ ፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» ብለህ ትከሳለህ። ሕዝባችን መብቱን አለማወቁ ነው እኮ...

የጣና ዳር፦
አዋጁን እስከ መጨረሻው አንብበው። ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ አይመለከትም። ማረፊያ ነው ካለ አዋጁ አይሸፍነውም፣ መኖሪያ ነው ካለ ደግሞ እንግዳው ከየት መጣ ይባላል። ክሱም ቢሆን በረራው ከማረፉ በፊት አይታይለትም። ጠያቂ፣ ውልህ ምን ይላል?

ጠያቂ፦
«ለመኖሪያ» ይላል። ግን ያውቃሉ! አልጋዎቹ ሲገቡ ራሳቸው ቡና አፍልተው ነው የተቀበሉን።

ማሚ ሰላም፦
ሽማግሌ ላክባቸው።

ቀጥተኛው፦
ቡና ማፍላት ፈቃድ ሆነ እንዴ? ለመኖሪያ ብለህ ገብተህ ፔንሲዮን ከፍተሃል። የተበደሉት እሳቸው ናቸው፣ አንተ አይደለህም።

ሕግ አዋቂ፦
የፍትሐ ብሔር ሕጉ እኮ አከራዩን የሚጎዳ ካልሆነ ተከራይ መልሶ ማከራየት ይችላል ይላል። ከ1952 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው።

ቀጥተኛው፦
«የሚጎዳ ካልሆነ» የምትለዋን ዘለልካት።

ባለ ባጃጁ፦
በጀልባ ወስደህ ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም አሳድራቸው።

የጣና ዳር፦
ሴት አይገባም እኮ። ግማሹ ቤተሰብ ጀልባ ላይ ሊያድር ነው?

የአከራይ ልጅ፦
ቀልዱን ተዉትና። እናቴም ቤት ታከራያለች፣ ስለዚህ በእነሱ በኩል ያለውን ልንገርህ። በየሳምንቱ ሌላ ፊት ይገባል። ፖሊስ መጥቶ «ማን ነው ያደረው?» ሲል የምትጠየቀው እሷ ናት። መልሶ የሚያከራይ ሰው ግብሩን ካልከፈለም ባለቤቱ ላይ ይመጣል። ይህን የነገራቸው ሰው ይኖራል። ለማንኛውም፣ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?

ጠያቂ፦
ሮቶው የጋራ ነው፣ እሳቸው ከጎን ነው የሚኖሩት። ቅዳሜ ያረፉት ልጆች ጨርሰውት ነበር። ትንሽ ተቆጥተው ነበር፣ ያለፈ መስሎኝ ነው።

ቀጥተኛው፦
በላ! ይኼንን ነበር መጀመሪያ መጻፍ።

የአከራይ ልጅ፦
እንግዲያው ስልኩን ተወውና በእግርህ ሂድ። በመንገድህ በጋሪም ቢሆን ውሃ አስመጣና ሮቶውን ሙላ። የእንግዶቹን ስምና መታወቂያ በወረቀት ያዝ፣ ቤተሰብ መሆናቸውን ንገራቸው። ስለ ውል አትከራከር፣ የዛሬን ሌሊት ብቻ ለምናቸው። አሁኑኑ ደግሞ አንድ ፔንሲዮን ደውለህ ሁለት ክፍል አስይዝ። እሺ ካሉህ ትሰርዘዋለህ፣ እንቢ ካሉ እንግዳህ ሜዳ ላይ አይቀርም። እንግዶቹ ሲሄዱ ውሉን እንደ አዲስ ጻፉ፦ «ለእንግዳ ማረፊያ» ይባል፣ ንግድ ፈቃዱ በአንተ ስም ይሁን፣ የውሃና የመብራቱ ነገር ይለይ፣ ከኪራዩም ላይ ጨምርላቸው። ሮቶ ደግሞ የራስህን ግዛ።

ማሚ ሰላም፦
ሽማግሌ ይሻላል። እትዬ የሚያከብሩት ጎረቤት ይኖራል።

ጠያቂ፦
ጋሪው ተገኝቷል፣ እየሄድኩ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

የጣና ዳር፦
እንግዶቹ ገቡ?

ባለ ባጃጁ፦
ጣቢያ ስልክ ይቀበላሉ መሰለኝ፣ ዝም አለ።

አዲስ አባል፦
እኔም ዲያስፖራ ሰፈር ቤት አለኝ። እንደ ጠያቂው የሚሠራ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ሮቶው ለብቻ ነው።