አጽጂው ዓሣና አስመሳዩ፦ ውኃ ውስጥ በምን ልለያቸው?

ጥያቄ (ከኤላት፣ በቀይ ባሕር ዳር ካለችው የእስራኤል ከተማ)
ጤና ይስጥልኝ። ኤላት፣ ኮራል ቢች አካባቢ መጥለቅ ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ያየሁትን ዓሣ ሁሉ ከውኃ ስወጣ በደብተር እመዘግባለሁ። በስምንት ሜትር ጥልቀት አንድ የኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሰል ነገር) ጉብታ አለ። እዚያ ጣት የሚያህሉ፣ ከፊት ነጣ ከኋላ ሰማያዊ የሆኑ፣ ከአፍ እስከ ጅራት እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ያላቸው ዓሦች ይኖራሉ። ትልልቆቹ ዓሦች ቀጥ ብለው ቆመው ከገላቸው ላይ ተባይ ያስለቅሟቸዋል። እናቴ በጎንደር ከከብት ጀርባ መዥገር ስለሚለቅሙት ወፎች ያወራችኝን ያስታውሱኛል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዱ ወደ አንድ ቢጫ ዓሣ ተጠግቶ ነከሰውና ሸሸ፤ ዓሣው ደንግጦ ተፈተለከ። ሌላ ዓይነት ዓሣ ነው ወይስ ያው ነው? እስካሁን ሁሉንም «አጽጂ» እያልሁ ስመዘግብ ስለነበር ደብተሬን ማመን አቃተኝ።

መልስ (የመጥለቅ አስተማሪ፣ ከኤላት)
ልጄ፣ ቀለሙን ተዪውና አፉን ተመልከቺ። እውነተኛው አጽጂ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላብሮይዴስ ዲሚዲያተስ፣ አፉ ልክ ጫፉ ላይ ነው። አስመሳዩ አስፒዶንተስ ቴኒያተስ ግን አፍንጫው እንደ ኮፍያ ጥላ ወደ ፊት ወጥቶ፣ አፉ ከሥሩ ተደብቋል። ታችኛው መንጋጋው ላይ ሁለት ረጃጅም ቆልማማ ጥርሶች አሉት፤ አፉን ሲዘጋ ግን አይታዩም። ከላይ ሆነሽ ካየሻቸው በፍጹም አትለያቸውም። ስለዚህ ኮራሉን ሳትነኪ፣ ወደ ዓሣው ቁመት ዝቅ በዪና ከጎን ተመልከቺው። አትከተይው፤ ዝም ብለሽ ከጠበቅሽ ራሱ ይመጣል።

ሁለተኛው ምልክት አዋኘቱ ነው። አጽጂው በጎንና ጎኑ ባሉት ክንፎች እየቀዘፈ፣ ጅራቱን ብዙም ሳያንቀሳቅስ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። አስመሳዩ ይህንንም ይኮርጃል፤ ሲቸኩል ግን መላ ሰውነቱን እንደ እባብ ያጥመዘምዛል። በጅራቱ በኩል ወደ ጉድጓድ ገብቶ ጭንቅላቱን ብቻ ካወጣ፣ እኔ ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

መልስ (ከጅቡቲ)
እህቴ፣ ግልገሎቹንም አትርሺ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እነሱ ላይ ነው። የአጽጂው ግልገል ጥቁር ሆኖ ጀርባው ላይ አንድ ደማቅ ሰማያዊ መስመር አለው። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ብቻ የሚገኝ ላራቢከስ የሚባል ዓሣ ደግሞ አለ። ግልገሉ ጠቆር ያለ ሆኖ ሁለት ሰማያዊ መስመር አለው፤ እሱም ሌሎችን ያጸዳል፣ ሲያድግ ግን ኮራል ይበላል። ሁለት ሰማያዊ መስመር ያለው ሌላ ነካሽም አለ፤ ፕላጊዮትሬመስ ይባላል። እኔን ራሴን ክርኔ ላይ ነክሶኛል፤ እንደ ትንኝ ንክሻ ነው፣ አይጎዳም። እዚህም መለያው ያው አፉ ነው።

መልስ (የባሕር ሥነ ሕይወት ተማሪ፣ ከአውስትራሊያ)
ንክሻውን ብቻ አይተሽ እንዳትፈርጂ አደራ። እውነተኛውም አጽጂ ያጭበረብራል። ተባዩን ትቶ የደንበኛውን፣ ማለትም ሊጸዳ የመጣውን ዓሣ፣ ገላ የሚሸፍነውን ልጋግ ይገምጣል፤ ያኔ ደንበኛው ብርግግ ይላል። ይህ ግን ሥራውን አያሳንስበትም፤ እዚህ ሊዛርድ ደሴት በተደረገ ጥናት አንድ አጽጂ በቀን 1,200 ያህል ተባይ እንደሚበላ ታውቋል። አስመሳዩም በተለይ ሲያድግ ዓሣ ከመንከስ ይልቅ የባሕር ትልና የዓሣ እንቁላል መብላት ያዘወትራል። እንቁላል ሲዘርፍ ካየሽው፣ ከንክሻው ይልቅ ያ ይጠቁምሻል።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ወርጄ ከጉብታው አጠገብ ሃያ ደቂቃ ቆየሁ። ሁለቱ አፋቸው ጫፍ ላይ ነው፤ አንዱ እንዲያውም ትልቅ ዓሣ አፍ ውስጥ ገብቶ በጉንጩ በኩል ወጣ። ሦስተኛው አፍንጫው ወጣ ያለ ነው። ትንሽ ስጠጋው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ባዶ የትል ቱቦ ውስጥ ገባና በሁለት ዓይኖቹ ብቻ ያየኝ ጀመር። እሱን ለብቻው መዘገብሁት። የድሮዎቹን ገጾች ግን አልሰረዝሁም፤ «ዓይነቱ ያልተለየ» ብዬ በእርሳስ ጎናቸው ላይ ጽፌባቸዋለሁ።