ለጋሽ ሕዋሶቼ ከዲሹ (ከማሳደጊያ ሳህኑ) እየተነቀሉ ነው፣ የአሳማ ክሎኒንጉ ነገ ጠዋት ነው!

ጠያቂዋ፦ እባካችሁ ዛሬ ማታውኑ መልስ እፈልጋለሁ። ኒውክለሳቸው (ዲኤንኤ የያዘው እምብርት) በወጣ እንቁላሎች ውስጥ የማስገባቸው የአሳማ ፅንስ ፋይብሮብላስቶቼ (የአያያዥ ቲሹ ሕዋሶች) 0.5% ሴረም (ሕዋስ የሚያሳድግ የደም ፈሳሽ) ላይ 5ኛ ቀናቸው ነው፤ ብዙዎቹ ተነቅለው ይንሳፈፋሉ። እንቁላሎቹ ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የመብሰያ 42 ሰዓታቸውን ይሞላሉ። ባለፈው ዙር የሕዋሱና የእንቁላሉ ውህደትም የፅንሱ ክፍፍልም ደህና ነበር፣ ብላስቶሲስት (የ7 ቀን ገደማ ፅንስ) የደረሰ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሴረሙን ልመልስላቸው?

አባል 1፦ መልሺላቸው፣ አድረው ያገግማሉ።

አባል 2፦ ኧረ እንዳትመልሺ! ሴረም ያገኘ ሕዋስ ከእረፍቱ ይነሳና እስከ ነገ ዲኤንኤውን ማባዛት ይጀምራል። እንቁላሉ ሜታፌዝ 2 (ለመዳበር የተዘጋጀበት የክፍፍል ደረጃ) ላይ ነው፤ የገባውን ኒውክለስ ሽፋኑን አፍርሶ ክሮሞሶሙን ያኮማትረዋል። ዲኤንኤው በመባዛት ላይ ካለ ያኔ ይሰባበራል። ሴረም ቀንሶ ማስራቡ ያስፈለገውም ሕዋሱ ጂ0/ጂ1 ላይ (ዲኤንኤውን ማባዛት ሳይጀምር) እንዲቆም ነው።

አባል 3፦ አምስት ቀን ሙሉ! አክፍሎት እንኳ ይህን ያህል አይቆይም 😄 ልማዱ ከዶሊ የመጣ ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የተወለደችው 0.5% ሴረም ላይ 5 ቀን ከቆየ የበግ ጡት ሕዋስ ነው። ለአሳማ ፋይብሮብላስት ግን 48 ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ዲኤንኤው መቆራረጥ ይጀምራል፣ ሕዋሱም ይሞታል። የሚንሳፈፉት እነዚያ ናቸው።

አባል 4፦ የተንሳፈፉትን በፒቢኤስ (ጨዋማ ማጠቢያ ፈሳሽ) ሁለቴ አጥበሽ አስወግጂ፣ የተጣበቁትን ብቻ ተጠቀሚ።

አባል 5፦ ጥፋቱ የለጋሽ ሕዋሱ ነው ያለው ማነው? ኒውክለሳቸው ሳይወጣ በኤሌክትሪክ ብቻ የቀሰቀስሻቸው እንቁላሎች ስንት ብላስቶሲስት ሰጡ? እነሱም ካነሱ ችግሩ እንቁላሉ ወይም የፅንሱ ሚዲያ (ማሳደጊያ ፈሳሽ) ነው። ኢንኩቤተሩ 38.5 ዲግሪ፣ ኦክስጅኑ 5% መሆኑን እይ። ደግሞስ ሕዋሶቹ ስንተኛ ፓሴጅ (ተከፍለው ወደ አዲስ ዕቃ የተዛወሩበት ዙር) ናቸው? ዋናውን ነገር ትተሽዋል።

ጠያቂዋ፦ የተቀሰቀሱት 30% ሰጥተዋል። ፓሴጅ 12 ነው። ሌላ ፓሴጅ 4 ፍላስክ አለኝ፣ 15% ሴረም ላይ፤ ጥቅጥቅ ብሎ ከሞላ 2 ቀኑ። አልተራበም ብዬ ተውኩት።

አባል 1፦ የተራቡትኑ እጠቢያቸው፣ ይሠራል።

አባል 2፦ ፓሴጅ 4ቱን ውሰጂ እህቴ! እርስ በርስ ሲነካኩ መከፋፈል ስለሚያቆሙ አብዛኞቹ ጂ0/ጂ1 ላይ ናቸው፣ ሴረም መቀነስም አያስፈልግም። ፓሴጁ ሲበዛ የክሮሞሶም ጉድለት ይከማቻል፤ 12ኛውን ለነገ አትንኪው። ጠዋት ካልሲየምና ማግኒዥየም በሌለው ፒቢኤስ እጠቢ፣ ከዚያ 0.25% ትሪፕሲን (ሕዋሶቹን የሚያላቅቅ ኢንዛይም) ለ1–2 ደቂቃ። ክብ ክብ ሲሉ ፍላስኩን መታ መታ አድርጊና ወዲያው ሴረም ባለው ሚዲያ አስቁሚ። ትሪፕሲን የበዛበት ሕዋስ ሽፋኑ ስለሚጎዳ በውህደቱ የኤሌክትሪክ ምት ይፈነዳል። 300 ጂ (የስበት 300 እጥፍ) ላይ 5 ደቂቃ አሽከርክሪ። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የምትጨርሺውን ያህል ብቻ አንሺ፣ ሌላውን በኋላ። በፒፔት ስትመርጪ ትንሹን፣ ክቡንና ጠርዙ ለስላሳ ሆኖ የሚያበራውን ያዢ። ትልቅና ጠጠር ጠጠር የሚል ከሆነ እለፊው።

አባል 5፦ በ30ው ተረትቻለሁ፣ ጥፋቱ ከለጋሹ ነው። 12ኛውን ከመጣልሽ በፊት ግን ማይኮፕላዝማ (ሕዋስ የሚበክል ጥቃቅን ባክቴሪያ) መርምሪ፤ በዓይን አይታይም፣ ሚዲያውንም አያደፈርስም። ዲኤንኤን በሚያበራው በዳፒ ቀለም ከኒውክለሱ ውጪ ነጠብጣብ ካየሽ ጎረቤት ፍላስኮችም ይጠረጠራሉ፣ ፓሴጅ 4ቱም ጭምር።

አባል 3፦ ጠያቂዋ፣ 7ኛው ቀን አለፈ። ስንት ደረሱ? የእያንዳንዱን ብላስቶሲስት ሕዋስ በሆክስት ቀለም ቆጥረሽ ንገሪን።