የጊታሬ ሁለቱ ፒክአፕ አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሽቦውን ላቀያይር?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታሬን የብሪጅ ፒክአፕ (ክሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ በኩል ያለውን ድምፅ ማንሻ) በአዲስ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ቀየርኩት። አዲሱም በአንገቱ በኩል ያለው አሮጌም ለየብቻ ሲሆኑ ግሩም ናቸው። ስዊቹን መሃል ላይ አድርጌ ሁለቱን አብሬ ስከፍት ግን ባሱ ጥፍት ይላል፤ ድምፁ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። የባቲን ቅኝት ስጫወት የታችኛው ድምፅ ካልሞላ ምኑን ባቲ ሆነ? ቅዳሜ ደግሞ ኮምቦልቻ ሠርግ አለብኝ።

አዲሱ ባለ አራት ቀለም ሽቦ ነው፤ አምስተኛው ልባጥ የሌለው ራቁት ሽቦ ነው። አብሮት እንደመጣው ወረቀት ጥቁሩን ወደ ስዊቹ ወሰድኩ፣ ቀዩንና ነጩን እርስ በርስ አያይዤ ጠቀለልኩ፣ አረንጓዴውንና ራቁቱን የቮሊዩሙ ጀርባ ላይ በሊድ በየድኩ። በቴስተር 8.2 ኪሎ ኦም ስለሚያነብ የተበጠሰ ነገር የለም።

አንድ ነገር ሞከርኩ። ባለ መርፌ ቴስተር ከጊታሩ ገመድ ጋር አገናኝቼ ካቻቪቴ ፒክአፑ ላይ አሳርፌ ቶሎ ሳነሳው፣ መርፌው በአንዱ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ ይዘላል። ስለዚህ ፌዛቸው (የሞገዳቸው አቅጣጫ) ተቃራኒ ነው ብዬ አምኛለሁ።

የአንገቱ አሮጌ ፒክአፕ አንድ ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ ዙሪያውን የተጎነጎነው መረብ ከብረት ክዳኑ ጋር ስለተያያዘ እሱን መገልበጥ ፈራሁ፤ ከገለበጥኩት ክዳኑን በነካሁ ቁጥር ይጮህብኛል ብዬ ነው። አዲሱ ላይ ጥቁሩንና አረንጓዴውን አቀያይሬ፣ ራቁቱን እዚያው ቮሊዩሙ ጀርባ፣ ግራውንድ (የመሬት መስመር) ላይ ብተወው ይበቃል? የቮሊዩሙን ጀርባ ሁለቴ አግዬዋለሁና ሦስተኛ ሙቀት ይችል ይሆን፣ ወይስ ሽቦውን መሃል ላይ ቆርጬ ልቀጥለው? የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ከቅዳሜ በፊት ንገሩኝ።