ወንዱ እርግብ ተራውን መታቀፍ ተወ፤ ምን ላድርግ?

እርግብ የምታረቡ ሰዎች፣ እስኪ አንድ ነገር አማክሩኝ። ጥንዶቹ እንደ ወትሮው ሁለት እንቁላል ጣሉ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰላም ነበር። ሴቷ ታቅፋ ታድራለች፤ ረፋድ ላይ ወንዱ ይተካትና እስከ ከሰዓት በኋላ ይቆያል። እርግብን የምወደውም ለዚህ ነው፤ አባትየውም ይሠራል።

አሁን ግን ሰውዬው ተራውን ትቷል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሌላዋን ሲያሽኮረምም ይውላል! እሷም ሲርባት ትነሣለች፣ እንቁላሎቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። ትናንት ስነካቸው ቀዝቅዘዋል። ማታ በሞባይል መብራት ሳያቸው አንዱ ውስጥ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ። ሌላው ጥርት ያለ ነው፣ ምንም የለውም።

ጎረቤቴ «ለሌሎቹ ጥንዶች ስጣቸው» ይለኛል። ችግሩ፣ እነሱ የጣሉት ገና በቅርቡ ነው። እርግብ ሁለተኛውን እንቁላል ከጣለች በኋላ በ18 ቀን አካባቢ ትፈለፍላለች። ለጫጩት የሚሆነው የጉሮሮ ወተት (ወላጆቹ ከጉሯቸው አውጥተው የሚያበሉት ምግብ) ደግሞ የሚመጣው መፈልፈያው ሲቃረብ ነው። የኔዋ ጫጩት ቀድማ ብትወጣ ምን ያበሏታል? የዶሮ መፈልፈያ ማሽን ያለው ሰውም አውቃለሁ፤ ከተፈለፈለች በኋላ ግን ያው ጥያቄ ነው።

ጥርት ያለውን እንቁላል ላውጣው ወይስ ሴቷ ጎጆውን ጨርሳ እንዳትተው ይቆይ? እንዲህ ከቀዘቀዘ በኋላ የተፈለፈለለት ሰው አለ? ወንዱን ከሷ ጋር ብዘጋበት ይመለሳል ወይስ ተደባድበው እንቁላሉን ይሰብሩታል? የሞከራችሁ ቶሎ ንገሩኝ፣ በናታችሁ።