ኮላ ከሆነ ለምን ካገኘው ሁሉ ጋር አይጣበቅም? ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ ጠፋኝ

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህርት፣ ደሴ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ተማሪ ጽንስ ሲያድግ የነርቭ ሴሎች እንዴት እንደሚገናኙ ጠየቀኝ። «ላያቸው ላይ እንደ ኮላ የሚያጣብቁ ፕሮቲኖች አሏቸው» አልኩት። ልጁ ግን አልተዋጠለትም። «ቲቸር፣ ኮላ ከሆነ ለምን ካገኘው ሁሉ ጋር አይጣበቅም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። «ሰኞ እነግርሃለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ።

ላብራቶሪ የለንም። ያለኝ ሰሌዳ፣ ጠመኔና 60 ተማሪ ነው። እውነቱን ሳላዛባ በ40 ደቂቃ እንዴት ላስረዳቸው? እባካችሁ ተባበሩኝ።

መልስ፦ የሴል ወዳጅ

መምህርት፣ ልጁ ዋናውን ነገር ነው የጠየቀዎት። እነዚህ ፕሮቲኖች መርጠው ነው የሚይዙት። ካድሄሪን ከሚባሉት ይጀምሩ። ስሙን ያወጣላቸው ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ ነው። ያለ ካልሲየም መያዝ ስለማይችሉ ስማቸውም ከካልሲየም የመጣ ነው።

ሁለት ዓይነት ካድሄሪን ያላቸውን ሴሎች ቀላቅለው ቢተዋቸው፣ ቀስ በቀስ ተለያይተው ከየወገናቸው ጋር ይሰበሰባሉ። ሠርግ ቤት የሙሽራው ወገን ለብቻ፣ የሙሽሪት ወገን ለብቻ እንደሚቀመጠው ማለት ነው።

ጽንሱ ውስጥም ይኸው አለ። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ንጣፍ መጀመሪያ ቆዳ ከሚሆነው ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ኢ-ካድሄሪን አላቸው። ንጣፉ ተጠቅልሎ ቱቦ ሲሆን ኢ-ካድሄሪንን ትቶ ኤን-ካድሄሪን ይይዛል። ከቆዳውም ይለያል። በሰው ይህ ቱቦ የሚዘጋው ከተጸነሰ በ28ኛው ቀን አካባቢ ነው። ብዙ እናቶች ያኔ ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም።

መልስ፦ የድህረ ምረቃ ተማሪ

ከላይ የተባለው ልክ ነው። ግን እዚያ ላይ ካቆሙ፣ ልጆቹ «ተመሳሳይ ሁሌ ይጣበቃል» ብለው ይወጣሉ። ተቃራኒውም አለ። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው።

የፍራፍሬ ዝንብ ዲስካም የሚባል ጂን አላት። ከጂኑ አንድ ቦታ ላይ 12 አማራጭ አለ፣ ሌላው ላይ 48፣ ሦስተኛው ላይ 33። ሴሉ ከየቦታው አንድ አንድ ይመርጣል። ሲባዛ ከሴሉ ውጭ የሚታየው የፕሮቲኑ ክፍል 19,008 ዓይነት ይሆናል። የሴሉን ሽፋን የሚያቋርጠው ክፍል ደግሞ 2 አማራጭ ስላለው ጠቅላላው 38,016 ነው። ከአንድ ጂን!

አሁን አንድ የነርቭ ሴል ብዙ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ያስቡ። ቅርንጫፎቹ ሲያድጉ እርስ በርስ ይነካካሉ። የአንድ ሴል ልጆች ስለሆኑ ዲስካማቸው ይገጥምና ይያያዛል። ነገር ግን መያያዙ ራሱ «ይህ እኔው ነኝ፣ ዞር በል» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ተላቀው ይሸሻሉ። የሌላ ሴል ቅርንጫፍ ሲነኩ ዲስካሙ ስለማይገጥም ሽሽት የለም። በዚህ መንገድ የአንድ ሴል ቅርንጫፎች ሳይከማቹ ይዘረጋሉ።

ለክፍልዎ እንዲህ ያድርጉ። ሦስት ጣሳ ያዘጋጁ። በአንዱ ከ1 እስከ 12፣ በሌላው ከ1 እስከ 48፣ በሦስተኛው ከ1 እስከ 33 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ይግቡ። እያንዳንዱ ተማሪ ከየጣሳው አንድ ያውጣ፣ ሦስቱን ቁጥሮች ሁለቱም መዳፎቹ ላይ ይጻፍ፣ ወረቀቱን ይመልስ። ከዚያ ተጠጋግተው እጅ ለእጅ ይነካኩ። ሦስቱም ቁጥር ከገጠመ እጅ ይሰብሰብ። የሚገጥመው የራስ መዳፍ ከራስ መዳፍ ጋር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በ60 ተማሪ መካከል ሁለት ሰው አንድ ዓይነት የማግኘቱ ዕድል ከ100 ወደ 9 ነው።

አንድ ማረሚያ ግን ይንገሯቸው፦ እውነተኛው ሴል በአንድ ጊዜ አንድ ሳይሆን በርካታ ዓይነት ይይዛል። በአጥቢ እንስሳት ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት ፕሮቶካድሄሪን የሚባሉት ከ50 በላይ ጂኖች ናቸው።

መልስ፦ ፋርማሲስቱ

ስለ ሲናፕሱም፣ ማለትም ሁለት የነርቭ ሴሎች ተገናኝተው መልእክት ስለሚተላለፉበት ቦታ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በአንዱ ሴል በኩል ኒውሬክሲን፣ በሌላው በኩል ኒውሮሊጂን የሚባል ፕሮቲን አለ። እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ናቸው። ኒውሬክሲን የተገኘው የአንዲት ሸረሪት መርዝ አንጎል ውስጥ ምኑን እንደሚይዝ ሲፈለግ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ነርቭ ያልሆነ ሴል ኒውሮሊጂን እንዲያወጣ አደረጉና ከነርቭ ሴሎች ጋር አሳደጉት። አክሰኖቹ (መልእክት የሚያወጡት ረጃጅም የነርቭ ሴል ቅርንጫፎች) ሲነኩት እዚያው ላይ መልእክት የሚያስተላልፍ ጫፍ መሥራት ጀመሩ። ስለዚህ «ሲናፕስን የሚፈጥረው ኒውሮሊጂን ነው» ብለው ያስተምሩ።

መልስ፦ የድህረ ምረቃ ተማሪ

ወንድሜ፣ «የሚፈጥረው» የሚለው ይከብዳል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓይነት ኒውሮሊጂን የሌላቸው አይጦች ተጠንተው ነበር። የሲናፕሳቸው ብዛት ብዙም አልቀነሰም። መልእክት ማስተላለፉ ግን ተበላሸ፤ ግልገሎቹም እንደተወለዱ ሞቱ። «ሲናፕሱ በትክክል እንዲሠራ ያደርጋል» ማለቱ ይሻላል።

መልስ፦ ፋርማሲስቱ

ልክ ነህ። መምህርት፣ የእሱን አገላለጽ ይውሰዱ።

መልስ፦ የሕፃናት ክፍል ነርስ

እህቴ፣ ፕሮቲኑ ሲበላሽ ምን እንደሚሆንም መጠየቃቸው አይቀርም። ኤልዋን የሚባል አጣባቂ ፕሮቲን አለ። ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ጉዳቱ በዋናነት ወንዶች ልጆች ላይ ይታያል። ጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይታጠፋል፣ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይም ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። ስትነግሪያቸው ግን ተጠንቀቂ። ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ የተጠራቀመ ሕፃን ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ከተማሪዎችሽ አንዱ ቤት እንዲህ ያለ ሕፃን ሊኖር ይችላል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ሰኞ አስተማርኩት። መጀመሪያ ካድሄሪን፣ ከዚያ ጣሳዎቹ። 19,008ን ሰሌዳ ላይ አባዝቶ ያወጣው ያ ልጅ ራሱ ነው። የማንም መዳፍ ከሌላ ሰው ጋር አልገጠመም። የነርሷን ምክርም ተከትያለሁ፤ ስለ በሽታው የተናገርኩት በጥቂቱ ነው።

ለምትሞክሩት መምህራን፦ ጣሳዎቹን ለሦስት ረድፍ በአንድ ጊዜ አዙሯቸው። እኔ በአንድ ረድፍ ጀምሬ ዕጣ ማውጣቱ ብቻ 20 ደቂቃ በላብኝ።